ለልጆች ትምህርት የአካባቢ ፈንድ ማቋቋም፦ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ሁለተኛው ዓመት

የአካባቢ የትምህርት ፈንድ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው በሞቅታ ያዋጣል፣ ቤት ይከራያል፣ ወንበርና መጫወቻ ይገዛል፣ በር ይከፈታል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ የመምህሯ ደመወዝ ይዘገያል፤ ቀጥሎ መምህሯ ትሄዳለች፤ ወንበሮቹ ተደራርበው ይቀራሉ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ልጆቹ፣ ቀጥሎ የየወሩ ወጪ፣ ከዚያ ገንዘቡ፣ ከዚያ ሰው፣ ዕቃ በመጨረሻ። መመሪያው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ለሚከፈት የቅድመ መደበኛ ክፍልም፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ለሚቆዩበት ፕሮግራምም ይሠራል። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መክፈቻው ቀን ቢያንስ ስድስት ወር ስጡት። «በሁለት ወር እንከፍታለን» የሚል የኮሚቴ አባል ካለ ደረጃ 3ን አንብቡለት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ስብሰባው ይበዛል፣ ሥራው ያንሳል። ቢያንስ ሁለቱ ልጆቻቸው ፕሮግራሙን የሚጠቀሙ ወላጆች ይሁኑ። አንድ ሒሳብ መያዝ የሚችል፣ አንድ ደግሞ ከልጆች ጋር በሙያው የሠራ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሒሳብ የሚያውቅ ካላገኛችሁ በወር አንድ ቀን እየመጣ የሚሠራላችሁን ባለሙያ በክፍያ ያዙ። ያለ እሱ አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ልጆቹን ቁጠሩ

ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት በአካባቢው ስንት ልጅ እንዳለ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነና ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ በቤት ለቤት ቆጠራ እወቁ።

1. አካባቢውን በካርታ ወይም በእጅ በተሠራ ንድፍ ከፋፍሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰው መድቡ።
2. «ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «አዎ» ይላል፤ መልሱ ምንም አይነግራችሁም። «ልጅዎ ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ የት ነበር? ማን ነበር አብሮት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለትንንሾቹም እንዲሁ፦ «ትናንት ጠዋት ማን ጠበቃት?»
3. ወላጅ ወደ ሥራ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት መዝግቡ። ፕሮግራማችሁ የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚህ ሰዓት ነው፤ ለኮሚቴው በተመቸው ሰዓት አይደለም።
4. አካል ጉዳት ያለበትን፣ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን፣ ታናናሾቹን የሚጠብቀውን ልጅ ለይታችሁ ጻፉ። መክፈቻው ላይ የሚዘነጉት እነዚህ ናቸው።
5. ዕድሜያቸው ከ12 በላይ የሆኑትን ራሳቸውን ጠይቁ። እናት «ሒሳብ ያስጠኑልኝ» ስትል ልጇ ኳስ ወይም ኮምፒውተር ይፈልግ ይሆናል። በእግሩ የሚመጣውም የሚቀረውም እሱ ነው።
6. አሁን ያለውን አገልግሎት ዘርዝሩ፦ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የስፖርት ሜዳ፣ የሃይማኖት ተቋማት አዳራሽ። በአቅራቢያው ባዶ ቦታ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ካለ፣ አዲስ ከመክፈት ይልቅ መክፈል ላልቻሉ ቤተሰቦች ክፍያውን መሸፈን ይረክሳል፤ ይፈጥናልም። ይህን አማራጭ ኮሚቴዎች አይወዱትም፤ በር ላይ የሚሰቀል ስም የለውምና። እናንተ ግን በቁም ነገር መርምሩት።

ተጠንቀቁ፦ በቆጠራው ወቅት ለማንም «ልጅዎ ይገባል» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ሰው መረጃ አልሰጥም ካለ፦ ስም አትጠይቁ፤ ዕድሜና ሰዓት ብቻ ይበቃል። ሰፈሩ የሚያምነውን ሰው ይዛችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ አንዱን ምረጡ

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ፕሮግራሞች አንድ ላይ አትክፈቱ። የሕፃናት ክፍል በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ አዋቂ መሠራት አለበት፤ ለአንድ ልጅ የሚወጣውም ገንዘብ ይበልጣል፤ በአብዛኛው ቦታ ፈቃድ ይጠይቃል። ከትምህርት በኋላ ያለው ግን በትምህርት ቤቱ ባዶ ክፍል፣ በሳምንት ሦስት ቀን መጀመር ይችላል። ቆጠራው በግልጽ ሌላ ካላሳየ በሁለተኛው ጀምሩ። ኮሚቴው ደመወዝ መክፈልና ሰነድ መያዝ የሚለማመደው እዚያ ነው።

ለለጋሾች የምትናገሩትን ከአሁኑ አስተካክሉ። ስለ ሕፃናት ትምህርት ጥቅም ሲነሳ ከሚጠቀሱት አንዱ በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በዪፕሲላንቲ ከተማ ከ1962 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የፔሪ ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም ነው። በጥናቱ የተካተቱት 123 ልጆች ነበሩ፤ ትምህርቱን ያገኙት 58ቱ ናቸው። አንድ መምህር የሚይዘው ስድስት ያህል ልጅ ነበር፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ወደየቤቱ እየሄዱ ከእናትና ከልጅ ጋር ይሠሩ ነበር። አርባ ልጅ ለአንድ ሞግዚት ሰጥታችሁ ያ ጥናት ያሳየውን ጥቅም ለለጋሽ ቃል መግባት ማታለል ነው። ማለት የምትችሉት «ልጆቹ በየቀኑ ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ፣ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይውላሉ» የሚለውን ነው። እሱም ቢሆን ከፈጸማችሁት።

ደረጃ 3፦ የየወሩን ወጪ አስሉ

ሁለት ወረቀት አዘጋጁ፤ አትቀላቅሏቸው።

በመጀመሪያው ላይ የመክፈቻ ወጪ ይጻፋል፦ እድሳት፣ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ መጻሕፍት። በሁለተኛው ላይ የየወሩ ወጪ፦ ደመወዝ፣ የተተኪ ክፍያ፣ ኪራይ፣ መክሰስ፣ ጽዳት፣ ውኃና መብራት፣ አላቂ ዕቃ፣ መድን ወይም የሕክምና መጠባበቂያ። ፈንዱ የሚወድቀው በሁለተኛው ወረቀት ነው።

1. ስንት አዋቂ እንደሚያስፈልግ ወስኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር ለአራት ዓመት ልጆች የሚመክረው አንድ አዋቂ ለ10 ልጅ፣ በአንድ ክፍል ከ20 ልጅ ያልበለጠ ነው። የአገራችሁ ደንብ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ፤ ከሁለቱ ጠበቅ ያለውን ብትይዙ ይሻላል። የልጁ ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም እንኳ ከሁለት አዋቂ በታች አትሁኑ። ምክንያቱ ደረጃ 6 ላይ አለ።
2. የሁለቱን ደመወዝ ጻፉ። በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው አታሳንሱ። ካሳነሳችሁ አሠልጥናችሁ ለሌላ ትሰጣላችሁ።
3. የተተኪ ክፍያ ጨምሩ። መምህር ይታመማል፤ ተተኪ ከሌለ በሩ ይዘጋል፣ ወላጅ ከሥራ ይቀራል።
4. ጠቅላላውን በየቀኑ ይመጣሉ ብላችሁ በምትጠብቁት ልጅ ቁጥር አካፍሉ። በተመዘገበው ቁጥር ካካፈላችሁት የአንድ ልጅ ወጪ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።
5. መቶኛውን ተመልከቱ። ከየወሩ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሰው ካልዋለ በጀቱን እንደገና ሥሩት። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ልጅ አያስተምርም።

የመክፈቻ ሕግ፦ የስድስት ወር ሙሉ ወጪ ባንክ ካልገባ፣ ለ12 ወር የሚሆን የጽሑፍ ቃል ካልተገኘ በር አትክፈቱ። የወሩ ወጪ 100 ቢሆን ባንክ ውስጥ 600 ይኑር፤ የተገባው ቃል ደግሞ በወር 125 ይሁን። ተጨማሪው 25 ለሚያቋርጡት ነው። የሚያቋርጥ አይጠፋም።

ቁጥሩ ካልሞላ፦ ቀን ቀንሱ ወይም የልጅ ቁጥር ቀንሱ። ደመወዝ አትቀንሱ፤ የአዋቂም ቁጥር አትንኩ።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን አሰባስቡ

ትልቅ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት መጀመሪያ ላይ አታድርጉ። ዝግጅት የአንድ ጊዜ ገንዘብ ያመጣል፤ እናንተ የምትፈልጉት የየወሩን ነው።

1. በመጀመሪያው ሳምንት የኮሚቴው አባላት ራሳችሁ ቃል ግቡ። መጠኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ግን መሆን የለበትም። «እናንተስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።
2. እያንዳንዱ አባል የሚያውቃቸውን አሥር ሰዎች ዘርዝሮ በአካል ያነጋግር። በቡድን መልእክት የተላከ ጥያቄን ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይመልሰውም።
3. መጠን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። «የቻልከውን» አትበሉ። «የአንድ ልጅ የወር ወጪ ይህ ነው፤ ግማሹን ለአንድ ዓመት ትሸፍናለህ?» በሉ።
4. ቃሉን በወረቀት አስፍሩ፦ ስም፣ መጠን፣ በየወሩ የሚከፈልበት ቀን፣ የሚያበቃበት ወር። ባንኩ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ የሚቀበል ከሆነ በዚያው ቀን አስሞሉ።
5. በዓይነት የሚሰጥ ካለ የምትፈልጉትን ዝርዝር ስጡ። ዝርዝር ካልሰጣችሁ ማንም የማይፈልገው ዕቃ መጋዘን ይሆናል ቤታችሁ።
6. ሕዝባዊ ዝግጅት ማድረግ ካለባችሁ ከተፈለገው ሁለት ሦስተኛው ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን፤ የሚገኘውም ለመክፈቻ ወጪ ይዋል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንድ ለጋሽ ብቻውን ከዓመቱ ወጪ ከሲሶ በላይ እንዲሸከም አትፍቀዱ፤ እሱ የተቀየመ ዕለት ፈንዱ ያበቃል። ልጆቹን ልምረጥ፣ ምስላቸውን ላውጣ የሚል ለጋሽ ሲመጣ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ሦስተኛው፣ ገንዘቡን በባንክ አስቀምጠን በወለዱ እንሠራለን የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ስሌቱን ግን ሥሩ። ቋሚ ፈንድ ያላቸው ተቋማት በዓመት የሚያወጡት በተለምዶ ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። የዓመት ወጪያችሁ 100 ከሆነ ከ2000 እስከ 2500 ማስቀመጥ አለባችሁ ማለት ነው፤ ያውም የዋጋ ንረቱን የሚቀድም ትርፍ ከተገኘ። በዚህ አትጀምሩ።

ቃል የገባ ሰው ሳይከፍል ከቀረ፦ በሳምንቱ ውስጥ ደውሉለት። አትውቀሱት፤ «መጠኑን እንቀንሰው ወይስ ቀኑን እንቀይረው?» ብላችሁ ጠይቁት። ያልከፈሉትን ስም ዝርዝር በይፋ መለጠፍ ገንዘቡን አያመጣም፤ ሰውየውን ያርቃል እንጂ።

ደረጃ 5፦ ሕጉንና ሒሳቡን አስተካክሉ

እዚህ ላይ አገር ከአገር ይለያያል፤ የማኅበር ምዝገባና የሕፃናት ማቆያ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ከቤት ኪራይ በፊት ጠይቁ። የክፍል ስፋት፣ የመጸዳጃ ቤት ቁጥር፣ የመውጫ በር መሥፈርት ሊኖር ይችላል፤ ከተከራያችሁ በኋላ ማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

በአካባቢያችሁ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ካለ ራሳችሁን ችላችሁ ከመመዝገብ በሱ ሥር ፈንድ መክፈትን አስቡ። በ1914 እ.ኤ.አ. በክሊቭላንድ ከተማ የተጀመረው ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፦ ተቋሙ ገንዘቡን ይይዛል፣ ሒሳብ ያስመረምራል፣ ለዚህም የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል፤ ልጆቹን ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ወጪ የሚፈቅደው፣ ገንዘብ የሚከፍለውና መዝገብ የሚይዘው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ማንኛውም ወጪ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ፈራሚዎቹም በሥጋም በጋብቻም የማይዛመዱ ይሁኑ። በማንም የግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ አታስገቡ፤ «ለጊዜው» ብላችሁም ቢሆን። በየወሩ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ያለበት አንድ ገጽ ወላጆች በሚያዩት ቦታ ለጥፉ።

ገንዘብ ከጎደለ፦ ክፍያ አቁሙ። መዝገቡን ያልያዙ ሁለት ሰዎች ይቁጠሩ። የተገኘውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ለለጋሾች ወሬው ሳይቀድማችሁ ራሳችሁ ንገሩ። «ስሙ እንዳይነሳ» ተብሎ የተሸፈነ ጉድለት ከጉድለቱ ይልቅ ፈንዱን ይገድላል።

ደረጃ 6፦ የልጆች ደኅንነት ደንብ ጻፉ፤ ከቅጥር በፊት

ይህን ደረጃ «ሁላችንም እንተዋወቃለን» ብላችሁ አትዝለሉት። ልጅን የሚጎዳ ሰው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው።

1. ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሁን። በሩ ይከፈት ወይም መስኮት ይኑረው። ሁለት አዋቂ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ልጁንም ሠራተኛውንም ይጠብቃል።
2. ልጅን መውሰድ የሚችሉ ሰዎችን ስም ወላጅ ፈርሞ ይስጥ። ስሙ ከሌለ አጎትም ቢሆን አይወስድም፤ መጀመሪያ ይደወላል።
3. ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ ከልጅ ጋር በግል የስልክ መልእክት አይለዋወጥ። መልእክቱ በወላጅ በኩል ወይም ሌላ አዋቂ ባለበት ቡድን ይሁን።
4. አመልካች የሠራባቸውን ሁለት ቦታዎች በስልክ ጠይቁ። የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ አትቀበሉ። «ልጆች በድጋሚ ትሰጡታላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ አስከትላችሁ ዝም በሉ፤ መልስ ሰጪው ሲያመነታ ትሰማላችሁ። የወንጀል ነጻ ማስረጃ የሚገኝ ከሆነ አስመጡ።
5. ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚደርሱበት ቦታ ያለውን መጫወቻ ፈትሹ። 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመፈተሻ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ሊያንቅ ይችላል፤ አስወግዱት። ጥቃቅን ባትሪና ማግኔት በጭራሽ አይኑር።
6. ሁሉም ሠራተኛ የመጀመሪያ እርዳታ ይሠልጥን።

ልጅ የደረሰበትን ጉዳት ከነገራችሁ፦ አዳምጡ፣ አትመርምሩ። «ማን ነው? እንዴት አድርጎ?» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ መልስም በአፉ አታስቀምጡ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በሉት፤ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። የተናገረውን በራሱ ቃል በዕለቱ ጻፉ። የተጠረጠረው ሰው ከልጆች ይራቅ። ለሚመለከተው የሕግ ወይም የሕፃናት ጥበቃ ክፍል በዚያኑ ቀን አሳውቁ። ጉዳዩን በሽምግልና ለመጨረስ የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ ኮሚቴው ይህን የመፍታት ሥልጣን የለውም።

ደረጃ 7፦ ሰው ቅጠሩ

በቃለ መጠይቅ ብቻ አትቅጠሩ። አመልካቹን ሌላ አዋቂ ባለበት ለግማሽ ሰዓት ከልጆች ጋር አስቀምጡና ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ። ወደ ልጁ ቁመት ዝቅ ብሎ ይናገራል? ልጅ ሲያስቸግር ድምፁ ምን ይሆናል? የማይናገረውን ልጅ አየው? ዲፕሎማ የማይነግራችሁን ይህ ይነግራችኋል።

በጎ ፈቃደኞችን ከደመወዝተኞቹ በተጨማሪ እንጂ በእነሱ ምትክ አትጠቀሙ። «ሲመቸኝ እመጣለሁ» የሚለውን አመስግናችሁ ሌላ ሥራ ስጡት፦ ጥገና፣ ሒሳብ፣ ዕቃ ማመላለስ። ከልጆች ጋር የሚውለው የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑረው፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት ይቆይ።

ደረጃ 8፦ ክፈቱ፤ በግማሽ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተመዘገቡት ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። የተበላሸውን የምታርሙት ልጅ ሲያንስ ነው።

ለትንንሾቹ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይሁን፤ በስክሪን ፊት የሚያሳልፈውም ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። እንግዲህ ሕፃናትን ከጠዋት እስከ ቀትር ወንበር ላይ አስቀምጦ ፊደል ማስገልበጥ አይሆንም። ወላጅ «ደብተሩ ባዶ ነው» ብሎ ይቆጣል። አትከራከሩ፤ አንድ ጠዋት ጋብዙትና ልጁ ሲቆጥር፣ ሲተርት፣ ሲደረድር ይይ።

ለተማሪዎቹ፦ መጀመሪያ መክሰስና ሩጫ፣ ቀጥሎ የቤት ሥራ፣ ከዚያ የሚማሩት ክህሎት። የቤት ሥራውን በሰዓት ገድቡ፤ ካልገደባችሁት ጊዜውን ሁሉ ይበላል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤቱ አልበቃ ያላቸው ይመስላቸዋል። ክህሎቱን በተመለከተ ተመራማሪዎቹ ጆሴፍ ደርላክና ሮጀር ዋይስበርግ ከባልደረባቸው ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግምገማ እንዲህ ባሉ ከትምህርት በኋላ በሚሰጡ ፕሮግራሞች ላይ የተሠሩ 68 ጥናቶችን አይቷል። ውጤት ያሳዩት አራት ነገር ያሟሉ ፕሮግራሞች ነበሩ፦ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ትምህርት፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩበት፣ በቂ ጊዜ የተመደበለት፣ ምን እንደሚማሩ በግልጽ የተቀመጠ። «ዛሬ ምን እናድርግ?» እየተባለ የሚመራ ከሰዓት በዚህ መለኪያ ይወድቃል።

ትልልቆቹ መቅረት ከጀመሩ፦ ሥራ ስጧቸው። መሣሪያ ክፍሉን ይያዙ፣ ውድድር ያዘጋጁ፣ ታናናሾቹን ያስነብቡ። ከስምንት ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ሰልፍ የቆመ የ15 ዓመት ወጣት ተመልሶ አይመጣም።

ወላጅ እየዘገየ ከወሰደ፦ መጀመሪያ የሥራ ሰዓቱ መቀየሩን ጠይቁ። ብዙዎች ከዘገዩ የተሳሳተው የእናንተ መዝጊያ ሰዓት ነው።

ደረጃ 9፦ በየወሩ ሦስት ቁጥር እዩ

የመጡት ልጆች ከተመዘገቡት ስንት በመቶ ናቸው፤ ቃል ከተገባው ስንት በመቶ ገባ፤ ባንክ ያለው ለስንት ወር ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት በፈተና ውጤት ራሳችሁን አትመዝኑ፤ ውጤቱን የሚወስነው ሌላም ብዙ ነገር አለ። ልጅ በተከታታይ ሦስት ቀን ከቀረ ደውሉ።

ባንክ ያለው ከሦስት ወር በታች ከወረደ፦ አዲስ ልጅ መቀበል አቁሙ። ለለጋሾች ቁጥሩን እንዳለ ንገሩ። በሳምንት አንድ ቀን ቀንሱ። ደመወዝ ማዘግየት ግን አማራጭ አይደለም።

ከሁለት ወር በታች ከወረደና አዲስ ቃል ካልመጣ የመዝጊያ ቀን ቁረጡ። ለወላጆች ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቁ። ለእያንዳንዱ ሕፃን በአቅራቢያው ቦታ ፈልጉ፤ የአስተማሪዋን ማስታወሻ ለሚቀበለው ቦታ በወላጅ ፈቃድ አስተላልፉ። የሠራተኞቹን የመጨረሻ ደመወዝ ከሌላው ክፍያ ሁሉ አስቀድሙ። ቀሪው ገንዘብና ዕቃ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ወደተጻፈው ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ድርጅት ይሂድ፤ ርክክቡ በሁለት ፊርማ ይሁን፤ የልጆቹ የግል መረጃ ያለበት መዝገብ ሕጉ እስከሚያዘው ጊዜ በቁልፍ ይቀመጥ።